ልቡናን ስለሚሰውር ዕፅ

ነቢዩ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን በለስ ለቅሞ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ እርሻ እንደ ላከው፣ እርሱም ከዛፍ ጥላ በታች ጥቂት ዐርፋለሁ ሲል 66 ዓመት እንደ ተኛ በተረፈ ባሮክ ተጽፎ ይገኛል። በነቃ ጊዜ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥብ ነበር፤ ከተማይቱ ግን ተለውጣ፣ ቤቱም ዘመዶቹም ጠፍተው አገኘ። ያን ጊዜ አቤሜሌክ ራሱን ተጠራጠረ። ልቡናው የተሰወረበት መስሎት ከከተማው ወጥቶ ዐዝኖ ተቀመጠ። ከዚህ ጭንቅ ያወጣውም መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ነው፤ የኾነውን ኹሉ፣ ያለፈውንም ዘመን ነገረውና አቤሜሌክ ወደ ራሱ ተመለሰ። ሰው ማንነቱን ማወቁ በራሱ ልቡና ብቻ የቆመ እንዳልኾነ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ይህንም ነገር ከጎጃም ሊቃውንት ይልቅ በቅርብ ሊመለከተው የሚገባ የለም፤ ሀብታቸው በልብ የተያዘ ነውና። ከቡሬ፣ ከዳሞት ወይም ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚነሣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ቅኔ ቤት ሲሄድ፣ ይዞት የሚመለሰው ገንዘብ በማኅደር የሚከተት አይደለም። የዋሸራን መንገድ ቢከተል ወይም የጎንጅን፣ አስቀድሞ ግሱን ከነርባታው፣ አገባቡንም ከነሙያው በልቡ ያኖራል። ከዚያም ኹለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ቅኔ እየቈጠረ ለመምህሩ ይነግራል። ትናንት የተነገረው ዛሬ አይደገምም፤ ለየዕለቱ አዲስ ይፈለጋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ልቡናው ብራናውም ማኅደሩም ነው፤ ያ ቢጠፋበት የሚተካለት የለም።

ከዚህ ጭንቀት የተነሣ «አብሾ» የሚሉት መድኃኒት ነገር በየቅኔ ቤቱ ሲወራ ኖሯል። ብዙዎች እንደሚሉት አብሾ የሚሰናዳው ከአስተናግር፣ በሌላ ስሙ ከዕፀ ፋርስ ፍሬ ነው። የጠጣው ተማሪ አንድ ጊዜ የሰማውን አይረሳም ይባላል። ደግሞም መጠኑ የበዛበት ያብዳል፣ ያላበደውም ከብዙ ዓመት በኋላ ጠላ ሲቀምስ አብሾው ይነሣበታል ይባላል። በቅኔ የገነነ ሰው ስሙ በተነሣ ቍጥር «አብሾ ቢጠጣ ነው እንጂ» የሚል በከተማም በገጠርም አይታጣም። ይህ ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ግን ኹለት በደል አለበት። አንደኛው፣ የብዙ ዓመት ረኀብን፣ ብርድንና ሌሊት መቀመጥን ለአንድ እፍኝ ፍሬ ይሰጣል። ኹለተኛው፣ ትምህርቱ የከበደበትን ልጅ ወደዚያው ፍሬ ይመራዋል።

ስለ ዕፁ የሚመሰክረው አስቀድሞ ስሙ ነው። አስተናገረ በግእዝ አነጋገረ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት አበው ዕፁ ያናግራል አሉ እንጂ ያስታውሳል አላሉም። ፍሬውን የበላ ሰውም በእውነት ከማይታይ ሰው ጋራ ይነጋገራል፤ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ሰውነቱ ይግላል። መጠኑ ሲበዛም ይሞታል።

ኹለተኛው ምስክር የዕፁ መገኛ ነው። የዕፀዋት መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ይህ በየፍርስራሹና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1492 ኮሎምቦስ ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ሊቃውንት ግን የቅኔን መስፋፋት በ15ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ነገሥታት ጋራ ያያይዙታል። እንዲህ ከኾነ የቀደሙት የቅኔ አባቶች ይህን ፍሬ ሊጠጡት ቀርቶ ሊያዩትም አይችሉም ነበር፤ ጥበቡ ከዕፁ ይቀድማልና።

ሦስተኛው ምስክር ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በ1676 በቨርጂኒያ ዐመፅ ተነሥቶ ነበርና እርሱን ለማጥፋት ወደ ጄምስታውን የተላኩ የእንግሊዝ ወታደሮች የዚህን ዕፅ ለጋ ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉት። ሮበርት ቤቨርሊ በ1705 ባሳተመው የቨርጂኒያ ታሪክ እንደ ጻፈው፣ አንዱ ላባ ወደ ላይ እፍ ሲል ዋለ፤ ሌላው ያን ላባ በገለባ ይወረውረው ነበር፤ ሌላውም ራቍቱን በማዕዘን ተቀምጦ ይገለፍጥ ነበር። ራሳቸውን እንዳይጎዱ ተዘግቶባቸው ተጠበቁ። በ11ኛው ቀን ልቡናቸው ተመለሰላቸው፤ በነዚያ ቀኖች ካደረጉት ግን አንዳች ነገር አላስታወሱም።

ምክንያቱን የኋላ ዘመን ሐኪሞች ደርሰውበታል። በዕፁ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉ፤ እነርሱም አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአእምሮ መልእክተኛ መንገዱን ይዘጉበታል። ያ መልእክተኛ ከተከለከለ ዓይን ያየው፣ ጆሮም የሰማው በልቡና አይታተምም። በ1906 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ጋውስ የተባለው ሐኪም ስኮፖላሚንን ከሞርፊን ጋራ ለወላዶች ይሰጥ እንደ ነበር ጽፏል፤ ሴቶቹ በምጥ ይጮኹ ነበር፣ ከወለዱ በኋላ ግን ምጡን አያስታውሱም ነበር። እንግዲህ ያስታውሳል የተባለው ዕፅ የሚያስረሳ ኾኖ ተገኘ። ሰው የተታለለው፣ የጠጣው ተማሪ ዓይኑ ፈጦ ያለ ማቋረጥ ሲናገር ምሥጢር የተገለጠለት ስለሚመስል ነው። ደግሞም ከጠጡት መካከል አንዱ ሊቅ ቢኾን ስሙ ይነሣል፤ የጠፉትን ግን የሚቈጥራቸው የለም።

ልቡና ያለ ዕፅም ይሰወራል። በአሜሪካ በሮድ አይላንድ አንሰል ቦርን የተባለ፣ ዕድሜው 60 የደረሰ ተዘዋዋሪ ሰባኪ ነበር። በ1887 ጃንዩዋሪ 17 ቀን ከባንክ 551 ዶላር አውጥቶ ሄደና የደረሰበት ጠፋ። እርሱ ግን በፔንሲልቬንያ በኖሪስታውን ከተማ ብራውን ነኝ ብሎ ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ ወረቀት፣ ፍራፍሬና ጣፋጭ ይሸጥ ነበር። ንግዱን አልሳተም፤ ገንዘብ መቍጠርም አልረሳም፤ የጠፋበት ስሙና ያለፈ ኑሮው ብቻ ነው። በማርች 14 ቀን ማለዳ ደንግጦ ነቃና ያለበትን ስፍራ ጠየቀ፤ ስለ ሱቁም አንዳች አላውቅም አለ። ጎረቤቶቹ አበደ አሉት፤ ነገሩ ለዘመዶቹ በቴሌግራም ተነገረና ከእነርሱ አንዱ መጥቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። ፈላስፋው ዊልያም ጄምስም በ1890 ሰውዬውን መርምሮ ታሪኩን ጽፎታል።

የቆሎ ተማሪው ግን እንዲህ ያለ ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ከእናት ከአባቱ ቤት የወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳያስታውቅ የሄደ ነውና፣ በሰው አገር ልቡናው ቢሰወርበት የእገሌ ልጅ ነህ፣ አገርህ ይህ ነው የሚለው ማን ነው? ገበያ ለገበያ ሲንከራተት ያየው ኹሉ «ቅኔ ያሳበደው» ብሎ ያልፈዋል፤ ያሳበደው ቅኔ እንዳልኾነ የሚናገርለት አይገኝም። ስለዚህ መምህር የደቀ መዝሙሩን ቅኔ ብቻ ሳይኾን የአባቱን ስምና የተወለደበትን ደብር ቢያውቅ፣ ባልንጀራም ከባልንጀራው ጐጆ ምን እንደሚቀመም ቢመለከት፣ ከትምህርቱ የሚያንስ ሥራ አይደለም። አቤሜሌክ እንኳ፣ በለሱ በመሶቡ ሳለ፣ ያለ ሽማግሌው ቃል ራሱን አላገኘምና።