የ168 ታሪክ፦ ከክላይን ጥምዝ መስመር እስከ ስሕተት አራሚ ኮድ

ሥርዓተ ትምህርት በሚነደፍበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ጥቅሙ ወዲያው የማይታይ የሂሳብ ትምህርት ለምን ይሰጣል? የአንድ ቍጥር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ፌሊክስ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ጥናት አንድ የአራተኛ ደረጃ ጥምዝ መስመር መረመረ። መስመሩን መልሰው በራሱ ላይ የሚያሳርፉት አልጀብራዊ ለውጦች 168 ናቸው። በዘመኑ ይህ ለንድፈ ሐሳብ እንጂ ለተግባር የታሰበ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሃሚንግ ስሕተት አራሚ ኮድ አሳተመ። በኮዱ 0 ወይም 1 በሆኑ 4 የመልእክት አኃዞች ላይ 3 መቈጣጠሪያ አኃዞች ይጨመራሉ። ሦስቱ ቍጥጥሮች 8 ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ፤ አንዱ ስሕተት አለመኖሩን ሲገልጽ፣ ሰባቱ ከ7ቱ አኃዞች የተሳሳተውን አንዱን ይጠቍማሉ። ኮዱን ሳያፈርሱ የአኃዞቹን ቦታ የሚያለዋውጡ መንገዶችም 168 ናቸው፤ አደረጃጀታቸውም ከክላይን ለውጦች ጋር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ ቫለሪ ጎፓ ከአልጀብራ ጥምዝ መስመሮች ኮድ የሚሠራበትን ዘዴ አሳተመ። በዚሁ ዘዴ ከክላይን ጥምዝ መስመርም ኮድ ተሠራ።

የሃሚንግ ኮድ ተጋማሽና ጎዶሎ ቍጥርን ለሚለይ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ሊብራራ ይችላል። ዕቅድ አውጪዎችም «ጥቅም የለውም» የተባለውን ምዕራፍ ከመሰረዛቸው በፊት፣ በክላይን ጥናትና በጎፓ ዘዴ መካከል 102 ዓመታት ማለፋቸውን ቢያስቡ መልካም ነው።