ለገበያ የወጣበት ቀን

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት የገዛ ሰው ውሉን የሚያስጽፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ነበር። ከቅዱሱ ጽሑፍ ዳርና ዳር በተረፈው ብራና ላይ የሻጩና የገዢው ስም፣ በወርቅ ወቄት የተቆረጠው ዋጋ፣ የዘመኑ ሹማምንትና እማኞች ይሰፍራሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ ሲጽፉ የተመረኮዙባቸው እነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ብዙ ያስተምራሉ፤ ሴቶች በገዛ ስማቸው ሲሸጡና ሲገዙ የምናየውም በእነሱ ነው። መሬቱ ከመሸጡ በፊት ገዢ ሲጠብቅ ስንት ጊዜ እንደከረመ ግን አይነግሩንም። ጸሐፊው የዘነጋው አይመስለኝም፤ መጻፍ ያለበት ነገር አድርጎ አላሰበውም። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፣ ሕግ ተጽፏል፣ ብራናውም ለይዞታ ካርታ ቦታውን ለቋል፤ ዝምታው ግን እንዳለ ነው። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ «ይህ ቤት ለሽያጭ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ከፍቶ የሚያየው መዝገብ የለም። የዚህ ክፍተት ምንጭ ስለ ሽያጭ ያለን የቆየ አስተሳሰብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ አስተሳሰብ በዘመኑ ልክ የነበረውን ያህል ዛሬ ገዢውን ይጎዳል።

በቀድሞው ዓይን ሽያጭ ማለት ክርክር የሚዘጋበት ጉዳይ ነበር። እማኝ የሚቆመው ነገ የሻጩ ልጅ ወይም ወንድም ተነሥቶ «የአባቴ ርስት ነው» እንዳይል ነው። ስለዚህ ከውሉ በኋላ ለሚመጣ ሙግት ቃል ተበጀለት፤ ከውሉ በፊት ያለው ጊዜ የማንም ጉዳይ አልሆነም። እንዳይሆንም ይፈለግ ነበር። ርስት በደስታ አይሸጥም፤ ዕዳ፣ ሞት ወይም ክፉ ዓመት ያስወጣዋል። ዘመድ ሳይሰማ ለባዳ መስጠትም ስለሚያስወቅስ ነገሩ የሚጀመረው በሹክሹክታ ነው። እገሌ ሊሸጥ ፈልጎ ገዢ አጣ ብሎ መጻፍ የሰው ገበና ማውጣት በሆነ ነበር። ይህን ጨዋነት አልነቅፈውም። ሻጩና ገዢው በአንድ ደብር በሚያስቀድሱበት አገር ማን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳሰበ ያልተጻፈው ስለሚታወቅ ነበር።

ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ዝምታውን ወረሰ፤ ያ መንደርተኛ ዕውቀት ግን አብሮት አልመጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። ከቁጥር 1553 ጀምሮ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ምን መምሰል እንዳለበት በሰፊው ደነገገ፤ ሆኖም ያው ሕግ በቁጥር 3363 ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አቆየው። ቢሠራም የሚመዘግበው የተላለፈ መብትን እንጂ የቀረበ ሽያጭን አልነበረም። ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወ፤ ትርፉን ወረሰ፤ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ከለከለ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኪራይ ቤቶች ሰጠ። ያለችውን አንዲት ቤት የሚሸጥ ሰው ወዴት ይገባል? ገበያው ሲቀጭጭ የገበያው ትዝታም አብሮ ቀጨጨ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ሲደነግግ ደግሞ ሌላ መሸፈኛ ተጨመረ። በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው፤ ቦሌ ያለችን አሮጌ ጭቃ ቤት ውድ የሚያደርጋት ግን ጭቃው እንዳልሆነ ሻጭም ገዢም ያውቃል። ዋጋው ራሱ በግልጽ የማይነገር ነገር ከሆነ ያ ዋጋ ስንት ወር ሲጠራ እንደቆየ ማን ይጽፋል?

ይህን ባዶ ቦታ የያዘው ደላላ ነው። ደላላ የትኛው ቤት መቼ እንደወጣ፣ ስንት ሰው አይቶት እንደተመለሰ፣ ባለቤቱ በመስከረም ምን ብሎ በጥር ምን እንዳለ ያውቃል፤ የሚያውቀውን የሚያስቀምጠው ግን በራሱ ውስጥ ነው። ለዚህ እሱን ክፉ ማድረግ አግባብ አይመስለኝም። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲጠናቀቅ ነውና ገዢን የሚያቀዘቅዝ ወሬ ከአፉ ባይወጣ አይገርምም። አንድን ቤት አምስት ደላላ በሚያሻሽጥበት ከተማ ደግሞ እያንዳንዱ የሚያውቀው ለእሱ የተነገረበትን ቀን ብቻ ነው። «ትናንት ነው የወጣው» ሲል አይዋሽ ይሆናል፤ ለእሱ ትናንት ወጥቷል።

መዝገብ አይቻልም ለሚል አንድ መልስ አለኝ፤ ሐራጅ። ፍርድ ቤት ወይም ባንክ ቤት ሲሸጥ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የጨረታው መነሻ ዋጋ በማስታወቂያ ይነገራል። ገዢ ካልተገኘ ማስታወቂያው ተመልሶ ይወጣል፤ በላዩም «ለሁለተኛ ጊዜ» የሚል ቃል ይታከላል። ሐራጅ የለመደ ተጫራች ያቺን ቃል ከካሬ ሜትሩ በፊት ያነባል። በመጀመሪያው ቀን በመነሻ ዋጋው የገዛ እንዳልነበረ፣ የራሱም አቅም በዚያው ልክ ከፍ እንዳለ ትነግረዋለች። በአገራችን ጋዜጣ የቤትን የገበያ ዕድሜ አዘውትራ የምትነግር ሌላ ቃል አላውቅም። የወጣችውም ሻጩ ስለፈለገ አይደለም፤ ሽያጩ በአደባባይ ይሁን ተብሎ ስለታዘዘ ነው።

ሐራጅ የግዴታ ሽያጭ ነው፤ በፈቃዱ የሚሸጥ ሰው ለምን ይጋለጣል? የቆየ ቤት ሁሉ ነውረኛ አይደለም፤ ወራሾች ሳይስማሙ ቀርተው፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ እየተጠበቀ ወይም መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ በዝቶ ሊቆይ ይችላል። ገዢው ግን የወራቱን ቁጥር ሲሰማ ቤቱ ችግር አለበት ብሎ ይደመድማል፤ ሻጩም ያለ ጥፋቱ ይከስራል። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ማስረጃም አለው። አሜሪካ ውስጥ ደላሎች የሚሸጡ ቤቶችን በጋራ መዝገብ መያዝ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ቤቱ በገበያ ላይ የቆየባቸው ቀናትም በዚያ ይቆጠራሉ። ብዙ ሻጮች ቤታቸውን ከመዝገቡ አውጥተው እንደ አዲስ በማስገባት ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምሩ ነበር። የማሳቹሴትስ መዝገብ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 ይህን ከለከለ፤ ጎረቤቱ ሮድ አይላንድ በዚያን ጊዜ አልከለከለም። ካትሪን ታከር፣ ጁዋንጁዋን ዣንግና ቲንግ ዡ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ አማካይ የሽያጭ ዋጋ ከሮድ አይላንድ አንጻር በ16,000 ዶላር ገደማ መውረዱን አገኙ። ክልከላው ሲመጣ በገበያ ላይ ብዙ የቆዩ ቤቶች ደግሞ ይበልጥ ተጎዱ። ሻጩ መክሰሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያ 16,000 ዶላር ከየት መጥቶ ነበር? ከዚያ በፊት አሮጌውን አዲስ ነው ብሎ ያመነ ገዢ ይከፍለው ነበር። ያለ ጥፋቱ ቤቱ የቆየበት ሻጭም ከዝምታ ይልቅ ምክንያቱን መናገር ይጠቅመዋል፤ የወራሾች ክርክር አልቆ ማስረጃው ከወጣ ይህን የሚያሳይ ወረቀት በእጁ ነው። በእኛ አገር ያለው ዝምታ ደግሞ ለችግረኛው ሻጭም መሸሸጊያ አልሆነም። ደላላው የሻጩን ጭንቀት ያውቃል፤ ለሚያዳላለት ገዢ ሹክ ሊል ይችላል። መረጃው ለአንዱ ተገልጦ ለሌላው የሚደበቅ ከሆነ ገበና ተሸፈነ አይባልም።

ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ እውነትም ለብዙ ጊዜ በቅቷል። በአሮጌ ሰፈር የሱቁ ባለቤት ወይም የበር ዘበኛው ከደላላው የተሻለ ቀን ይናገራል። አዲሱ ከተማ ግን እንዲህ አልተሠራም። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ብዙ ሽያጭ በጓሮ በር በውክልና እንዲያልፍ አድርጓል፤ ጎረቤቱ ከባለቤቱ ይልቅ ተከራዩን ነው የሚያውቀው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ውጭ አገር ሆኖ የሚገዛው ሰው ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሰፈሩ ቤት ስንት ቀን እንደቆየ በስልኩ ያያል፤ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ለሚያፈስበት የአዲስ አበባ ቤት ግን ያለው የደላላ ድምፅና የቴሌግራም ፎቶ ነው። ማስታወቂያው ተሰርዞ ዛሬ እንደገና ሲለጠፍ የዛሬን ቀን ይይዛል፤ ማሳቹሴትስ የከለከለችው ሥራ እዚህ በአንድ ጣት ይሠራል። እስካሁን ታማኝ ሆኖ ያገኘሁት ምስክር ለሌላ ጉዳይ የተነሣ ፎቶ ወይም የተጻፈ ወረቀት ነው። ፎቶው የክረምት ለምለም ግቢ አሳይቶ ገዢው በሚያዝያ ደረቅ ሣር ካገኘ ወራት አልፈዋል። የወራሽነት ማስረጃው ፍርድ ቤት የሰጠበት ቀን አለው። ቤቱን እንዲሸጥ የተሰጠው ውክልና ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም ሥር ቀኑን ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱ ለመሸጥ የቆረጠው ከዚያ ቀን ወዲህ ሊሆን አይችልም።