በራስ ላይ ያለ ድንጋይ

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ቦታውም ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ምድር፣ በቁረይሻ ወገን አልፎ እስከ ገዳሪፍ የሚዘረጋው፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ዋልካ ሜዳ ነው።

አስቀድመን ግን ወደ ጎንደር እንመለስ። ቤተ እስራኤሎች፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በአምቦበር የስግድ በዓላቸው ቀን ሲደርስ ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰውና ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር። በራሳቸው ላይም ድንጋይ ይሸከሙ ነበር፤ ቄሶቹም ኦሪትን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ ሕዝቡም ኃጢአቱን ተናዝዞ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞር ነበር። ከዚያም ወርደው በአንድነት ይበሉና ይዘፍኑ ነበር።

ታዲያ ኢየሩሳሌምን ፍለጋ በሱዳን በኩል የተሰደዱበት ያ ዘመን መጣና ድንጋዩ እውነተኛ ሆነ። ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተኙ፣ ሌሊት እየተጓዙ፣ ውሃ እየጠፋ፣ ሽፍታ እያደፈጠ፣ ሕፃን ሲያለቅስ እናት በመዳፏ አፉን ቀስ አድርጋ እየከደነች ሄዱ። ሄዱና ሄዱ፣ ከዚያም ኡም ራኩባ መጠለያ ደረሱ። እዚያ ደግሞ በሽታው ጠበቃቸው፤ ሞትም በየጎጆው ገባ። ማንነታቸውንም ከጎረቤት መደበቅ ግድ ሆነ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4,000 ያህል ናቸው ይባላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው ወገኖቼ። በተራራው ላይ የተናዘዘ ሰው በሜዳው ላይ ተፈተነ። ስሙን ከሰው ሸሸገ፤ ከአምላኩ ግን ምን ይሸሽጋል? ምግብ ባነሰበት ጎጆ ማን እንደሚካፈልና ማን እንደሚሰስት ለራስ ይታወቃል። ፈሪነትም ሆነ ቁጣ በጨለማ መንገድ ላይ ይገለጣል። ድንጋይ መሸከም ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል፤ ራስን ዝቅ አድርጎ «ይህ ጥፋት የእኔ ነው» ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ በተባለው ጉዞ በሌሊት በካርቱም በኩል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ብዙዎች ተሻገሩ፣ ብዙዎችም ዘመዶቻቸውን በዚያ ዋልካ ቀብረው ሄዱ። ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል በሕግ በዓል ሆነ፤ ዛሬም በኢየሩሳሌም ቄሶቹ ያነባሉ፣ ሕዝቡም ይሰግዳል።

እናም ወገኖቼ፣ ኢየሩሳሌምን ያዩት ሽማግሌዎች በዚያ ቀን ፊታቸውን ወደ ቅጥሯ ያዞራሉ፤ ልባቸው ግን ከቁረይሻ ወገን ላለው ሜዳም ይሰግዳል።