ጎርጎራ፡ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻና የኖራ ግንቦቹ

ጎርጎራ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኝ ጥንታዊት የወደብ ከተማ ናት። ከጎንደር የሚነሣ መንገደኛ አዘዞን፣ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ የደምቢያን ሜዳ ሰንጥቆ ይደርስባታል። ሜዳው ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር መሬት ነው። ብዙ ሠራዊት አስከትሎ ለሚንቀሳቀስ ቤተ መንግሥት፣ ከሐይቁ ዓሣ ጋር እንዲህ ያለ ጎተራ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሱስንዮስ መቀመጫቸውን በዚህ ዳርቻ አድርገው ነበር። በ1603 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝም በጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤት አሠርቷል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል። ለውጡ የመጣው በ1621 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአገር ውስጥ ሲገኝ ነው። ይህ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውኃ በርዶና ከአሸዋ ጋር ተላውሶ ሲደርቅ ዝናብ የማይፈታው ማያያዣ ይሆናል። ፓኤዝ የዚህን ሙያ ፍሬ ብዙም ሳያይ በ1622 እ.ኤ.አ. እዚያው ጎርጎራ ዐረፈ።

ዛሬ ማርያም ግንብ በመባል የሚታወቀው ፍርስራሽ የሚገኘው ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ምድር ላይ ነው። ኢየሱሳውያኑ በ1620ዎቹ በኖራ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በአበባ ቅርጽ የተጠረቡት ድንጋዮቹ አሁንም ይታያሉ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር ቢያስወጡም ሙያው ግን አብሯቸው አልወጣም። በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ የተቆረቆረችው ጎንደር ግንቦቿን ያቆመችው በዚሁ ኖራ ነው።

ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹን ቆፍረው አጥንተዋል። ጥናት ግን ጣሪያ አይሆንም። የግንቡ ክዳን ከተናደ ወዲህ ውኃ ከላይ ወደ ግድግዳው ልብ ይገባል፤ የዛፍ ሥርም ስንጥቁን ያሰፋዋል።

ከዚህ ጋር ደብረ ሲና ማርያምን ማነጻጸር ይገባል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች የሚነገርላት ይህች ክብ፣ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ ጥግ፣ በሐይቁ አፋፍ ትገኛለች። በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሣር ከኖራ የሚበረታ ሆኖ አይደለም፤ ሲያረጅ የሚቀይረው አገልጋይና ምእመን ስላላት ነው።

ኢጣልያውያን በወረራው ዘመን በከተማዋ ኮረብታ ላይ ለሙሶሊኒ መታሰቢያ አቁመው ነበር፤ ፍርስራሹ እንጂ ክብሩ አልቀረም። ለአካባቢው ሕዝብ ይልቅ የሚበልጠው ወደቡ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣው መርከብ ዘጌን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ እህልና ሰው ጭኖ ጎርጎራ ሲደርስ ኖሯል። በቅርቡም በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር የተገነባው ኢኮ ሎጅ ጎብኚን ወደ ዳርቻው እየሳበ ነው።

ማርያም ግንብን ለማየት የሚሻ ሰው በጀልባ ወይም በእግር መሄድ ይችላል። የጀልባው መንገድ እምቦጭ ያሠጋዋል፤ አረሙ በጣና ላይ መጀመሪያ የታየው ከጎርጎራ ብዙም በማይርቀው በመገጭ ወንዝ መግቢያ ነበር። በእግር የሚሄደው ደግሞ በገበሬዎች ማሳ መካከል ያልፋልና፣ አዝመራ ሳይሰበሰብ መንገዱን ከአካባቢው ሰው ጠይቆ መሄድ ይኖርበታል።