በማንቡክ መስመር ሹፌር ማቆየት፦ ደመወዝ፣ አበልና የአደጋ ሸክም

ከቻግኒ ተነስቶ በግልገል በለስና በማንቡክ በኩል ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የአገሪቱን ትልቁን ግንባታ ሲቀልብ ኖሯል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ጀምሮ ግድቡ እስከተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ድረስ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ነዳጅና ማሽን የጫኑ ከባድ መኪናዎች በዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ በማንቡክ አልፈዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ የመተከል ዞን ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ጥጥና በቆሎ ወደ ቡሬና ወደ መሀል አገር ይወጣል። ግንባታው ቢያበቃም አዝመራው በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ መኪና ይፈልጋል። መኪናው ሲገኝ ደግሞ መንገዱን የሚያውቅና በዓመቱም ተመልሶ ለመምጣት ፈቃደኛ የሆነ ሹፌር የማግኘት ጥያቄ ይከተላል።

ባለንብረቶች ሹፌር አይከርምም ይላሉ፤ ሹፌሮችም የሚያከርም ቤት የለም ብለው ይመልሳሉ። በመካከል የሚቀርበው የተለመደ መፍትሔ ገንዘብ መጨመር ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ከዚህ ይለያል። ቅጥር ሹፌር መስመሩንም ድርጅቱንም ጥሎ የሚሄደው በዋናነት የሥራው አደጋ በእሱ ትከሻ ላይ ብቻ ስለሚቀር ነው። ሕጉ ይህን አደጋ በአሠሪው ላይ ቢጥልም ክፍያው የሚጻፍበት መንገድ መልሶ ወደ ሹፌሩ ያዞረዋል። ትንታኔው የሚመለከተው ተቀጥረው የሚሠሩትን ነው፤ የራሱን መኪና የሚነዳ ባለንብረት ሒሳቡ ሌላ ነው።

የሹፌሮች መፍለስ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ ረጅም ርቀት የሚጭኑ ትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ የሹፌር ፍልሰት ለብዙ ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ስቲቨን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የአገሪቱ የሹፌር ገበያ በጥቅሉ እንደማንኛውም የጉልበት ገበያ ለደመወዝ መልስ የሚሰጥ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው የማይበረክተው በአንድ ክፍል፣ ሹፌሩ ለሳምንታት ከቤቱ ርቆ በማይልና በጉዞ ብቻ በሚከፈልበት ክፍል ነው። ማይክል ቤልዘር ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ነጥቡን ይበልጥ አክርሮ አቅርቦታል። እ.ኤ.አ. በ1980 የጭነት ገበያው ከቁጥጥር ከተለቀቀ በኋላ ኩባንያዎች እርስ በርስ የተወዳደሩት ሹፌሩ በማይከፈልበት ሰዓት፣ በሚጫንበት፣ በሚራገፍበትና ወረፋ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ በሹፌሩ ኪሳራ ነው ይላል። ጄ.ቢ. ሀንት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የሹፌሮቹን ክፍያ በሲሶ ገደማ ሲያሳድግ የመልቀቅም የግጭት አደጋም መጠን መቀነሱን ያጠኑትም ቤልዘርና ባልደረቦቹ ናቸው። እንግዲህ ገንዘብ ይሠራል፤ ለምን እንደሚከፈል ግን ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በመተከል ያልተከፈለበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ለማየት የእጀባ ሰልፍ በቂ ነው። ከ2011 በኋላ በዞኑ በተባባሰው ጥቃት ምክንያት መኪናዎች በጸጥታ ኃይል ታጅበው በቡድን የሚንቀሳቀሱባቸው ወራት ነበሩ። እጀባው እስኪደርስ መኪናው ተደርድሮ ይቆማል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ይተኛል፣ ረዳቱ ከተሳቢው ሥር ጥላ ፈልጎ ሻይ ያፈላል፣ ቆላው ይፋጃል፣ ማታ ወባ አለ። ባለንብረቱ በየሰዓቱ እየደወለ የት ደረስክ ይላል። በቢያጆ፣ ማለትም በጉዞ ልክ፣ ለሚከፈለው ሹፌር ይህ ሁሉ ቀን ባዶ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበትን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ራሱን ዝግጁ ያደረገበትንም ይጨምራል። መኪናና ጭነት እየጠበቀ በሰልፍ ላይ የቆመ ሹፌር ለሥራ ዝግጁ ካልሆነ ማን ዝግጁ ሊባል እንደሚችል አይገባኝም። የጥበቃ ቀን በውሉ ላይ ራሱን የቻለ የቀን ክፍያ ሊኖረው ይገባል፤ ባለንብረቱም ያንን ወጪ ጭነቱ እንዲቆይ ካደረገው ደንበኛ ጋር በሚዋዋለው የማጓጓዣ ውል ውስጥ ማስገባት ይችላል።

እጀባም ቢሆን ሁልጊዜ ዋስትና አልሆነም። የካቲት 23 ቀን 2014 በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ በታጀቡ ተሽከርካሪዎች ላይ በተፈጸመ ጥቃት ወታደሮችና ሲቪሎች ተገድለዋል። በጥቅምት 2015 የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መንግሥት ከጉምዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ከፈረመ በኋላ የመተከል መንገድ እፎይታ ቢያገኝም፣ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ያለውን የመንገዱን የላይኛውን ጫፍ በተራው ስጋት ላይ ጣለው። ማንቡክ የሚደርስ ሹፌር ሁለቱንም ማለፍ አለበት።

በእንዲህ ያለ ጥቃት የተጎዳ ሹፌር ብዙ ጊዜ የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ባለንብረቱ ያዝናል፣ ለቀብር ያዋጣል፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ሕጉ ግን እንደዚህ አይልም። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው ሥራውን በሚያከናውንበት ጊዜ በሦስተኛ ወገን ድርጊት የሚደርስበት ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው፤ አሠሪውም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። መንገድ ላይ የተኮሰው ታጣቂ ሦስተኛ ወገን ነው። ስለዚህ ሕክምናውም፣ የአካል ጉዳት ካሳውም፣ ለሟች ጥገኞች የሚከፈለውም ካሳ ከአሠሪው የሚጠየቅ መብት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የካሳው መጠን ሲሰላ ነው። የጥገኞች ካሳ በአዋጁ ስሌት የሟቹ የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው። አንቀጽ 53 ደግሞ አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ኮሚሽን የመሳሰሉትን ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ያደርጋል። የጭነት ሹፌር ገቢ ደግሞ በተለምዶ የተዋቀረው በትንሽ መነሻ ደመወዝና በትልቅ የመንገድ አበል ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ሹፌር እናስብ፤ ከዚህ ውስጥ በውሉ ላይ ደመወዝ ተብሎ የተጻፈው 5,000 ብር ብቻ ይሁን። ቢሞት ቤተሰቡ የሚጠይቀው ካሳ 300,000 ብር ነው። ደመወዙ 15,000 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ 900,000 ይሆን ነበር። ሰውየው፣ መንገዱና የወር ገቢው አንድ ናቸው። በጡረታም ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት በደመወዙ ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ውል በወር 900 ብር፣ በሁለተኛው 2,700 ብር ይቀመጥለታል። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በዚሁ መነሻ ነው። በመጀመሪያው ውል ዐሥር ዓመት የቆየ ሹፌርና ትናንት የተቀጠረ ሹፌር በሚያጡት ነገር ብዙም አይለያዩም፤ መልቀቅ የሚያሳጣው ነገር ከሌለ ደግሞ መቆየት ምክንያት ያጣል።

አንድ ነገር በሐቀኝነት መነሳት አለበት። ብዙ ሹፌሮች ራሳቸው አበሉን ይመርጣሉ። ደመወዝ ሲያድግ የገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ይወስዳል፤ አበል ግን በእጅ ይገባል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም ነገ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ገቢውን ሳያሳድግ አበሉን ወደ ደመወዝ ቢያዛውር ሹፌሩ ተጎዳሁ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ማዛወሩ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት፣ ከጭማሪ ጋር ተያይዞ ቢደረግ ይሻላል። ጭማሪው ሁሉ በደመወዝ መልክ ከገባ አበሉ ባለበት ይቆማል፣ ሚዛኑም በጥቂት ዓመት ይቀየራል።

ከአደጋ ካሳ ቀጥሎ ሹፌርን የሚያስመርረው የጭነት ጉድለት ሒሳብ ነው። ማንቡክ ላይ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ተቆጥሮ ይጫናል። ቡሬ ሲራገፍ ጆንያዎቹ ቁጥራቸው ልክ ሆኖ ክብደቱ ጎድሎ ይገኛል። የተቀደደ ጆንያ አለ፣ በመንገድ የደረቀ እህል አለ፣ ሚዛንና ሚዛን አይገናኝም። ሹፌሩ ሒሳብ ለማወራረድ ሲቀርብ የጎደለው ኪሎ፣ ከተተመነው በላይ የነደደው ናፍጣ፣ በየኬላው ያለ ደረሰኝ የከፈለው ሁሉ በስሙ ተጽፎ ይጠብቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 59 ከደመወዝ ላይ ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ መቀነስን ይከለክላል፤ ሲቀነስም ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። በዚህ ረገድ ጥሩ ድርጅት የሚታወቀው ቀድሞ በሚያስቀምጠው ገደብ ነው። ከመቶ ምን ያህል ኪሎ ጉድለት ተፈጥሯዊ ተደርጎ እንደሚያዝ፣ ሚዛኑ በማን ፊት እንደሚነበብ፣ ደረሰኝ በማይሰጥበት ኬላ የተከፈለው በምን እንደሚረጋገጥ ከጉዞው በፊት ይጻፋል።

ብዙ አሠሪዎች ሹፌርን የሚያቆዩት በተያዥ ነው። ተያዥ ያልጠራ አይቀጠርም፤ አንዳንዱም መንጃ ፈቃድ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዞ ያስቀምጣል። መኪናው ሚሊዮኖች የሚያወጣ ንብረት ስለሆነ የባለንብረቱ ስጋት መሠረት አለው። ሆኖም ተያዥ የሚከላከለው ስርቆትን እንጂ መልቀቅን አይደለም። ሚቸል ሆፍማንና በርክስ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሹፌሩ ኩባንያው ላወጣበት የሥልጠና ወጪ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል የሚያስገድድ ውል መልቀቅን በመጠኑ እንደቀነሰ ተገኝቷል። እዚያ ግዴታው የመጣው ሥልጠና ተሰጥቶ ነው። እኛ ዘንድ ግዴታ ብቻ ይጠየቃል፤ በምላሹ የሚሰጥ ነገር የለም። ወረቀት የተያዘበት ሹፌር ቢቆይም በልቡ የለም፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ ይሄዳል፤ ከቻለም ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ይነዳል። ብዙ ወገኖቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አልበርት ሒርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው በተቋም ሲከፋ ወይ ይወጣል ወይ ይናገራል ብሏል፤ መነሻ ከሆኑት ምሳሌዎች አንዱም የናይጄሪያ ባቡር ከጭነት መኪና ጋር ያደረገው ውድድር ነበር። የማንቡክ መስመር ሹፌር የሚወጣው የሚናገርበት ስለሌለው ነው። አደገኛ ነው ያለውን መንገድ አልሄድም ቢል ሥራው በሌላ ሰው ይያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 32 ለደኅንነቱ የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ እያለ አሠሪው እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን እንዲወጣ መፍቀድ እንጂ እንዲናገር ማድረግ አይደለም። ውሉ ላይ የሚያስፈልገው በአደጋ ምክንያት የተሰረዘ ጉዞ እንደ ቅጣት እንደማይቆጠርና ሹፌሩ ወደ ሌላ መስመር እንደሚመደብ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ነው።

ባለንብረቱ አቅም የለኝም ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። የአገራችን የጭነት ትራንስፖርት በአንድና በሁለት መኪና ባለቤቶች እጅ በብዛት የሚገኝ ነው። የባንክ ብድር አለ፣ ጎማ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በየጊዜው ሲነሳ ቆይቷል። አንድ መኪና ያለው ሰው ብቻውን የአምስት ዓመት ደመወዝ ካሳ መክፈል አይችልም። ስለዚህ ሸክሙ መጋራት አለበት፤ መጋሪያውም ዝግጁ ነው። ባለንብረቶች ስምሪት የሚያገኙት በማኅበር ነው። ማኅበሩ ከእያንዳንዱ ቢያጆ በኩንታል ጥቂት ሳንቲም እየቆረጠ በአደገኛ መስመር ለሚጓዙ ሹፌሮች የጋራ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ሊገዛ፣ በትራፊክ አደጋ ተጠርጥሮ ለታሰረ ሹፌርም ጠበቃ ሊያቆም ይችላል። የወንጀል ሕጉ በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪን እንደ ሁኔታው በረጅም እስራት ይቀጣል፤ ባለንብረቱ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት በገንዘብ ኃላፊ ነው። እስር ቤት የሚጠይቀው ሰው ያጣ ሹፌር ታሪክ በሹፌሮች ዘንድ ከማንኛውም ማስታወቂያ ፈጥኖ ይሰማል።

ሹፌሮችም በበኩላቸው የሚደራጁበት መንገድ አላቸው። በአንድ ድርጅት ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ ዐሥር ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ከዐሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 114 መሠረት ተሰባስበው አጠቃላይ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። በግልገል በለስ ወይም በቻግኒ የሚቋቋም አንድ ማኅበር የመስመሩን ሹፌሮች ሰብስቦ ከባለንብረቶች ማኅበር ጋር አንድ የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ይችላል፤ የጥበቃ ቀን ክፍያውም፣ የጉድለት ገደቡም፣ መድኑም በዚያው ይጻፋል። ድርድሩ አዝመራ ከመድረሱ በፊት፣ በክረምት ቢሆን ይመረጣል፤ በኅዳር ሁሉም ለጭነት ሲሯሯጥ የሚሰማ ሰው አይገኝም።

ስምምነቱ ረዳቱንም መያዝ አለበት። ረዳት በብዙ መኪናዎች ላይ ውል የለውም። ደመወዙን የሚከፍለው ራሱ ሹፌሩ ነው፣ ከአበሉ እየቆረሰ፤ በጡረታም በመድንም ስሙ የለም። ጎማ የሚቀይረው፣ ሌሊት ጭነት የሚጠብቀው፣ ሲተኮስም ከሹፌሩ ጎን የሚገኘው እሱ ነው። ዛሬ ማንቡክ የሚደርሱት ሹፌሮች አብዛኞቹ ሥራውን የተማሩት በረዳትነት ነው፤ የነገዎቹም ከዚያው የሚመጡ ናቸው። ረዳቱን በባለንብረቱ ስም ቀጥሮ በሕግ ደመወዝ የሚባለውን መክፈል፣ በመድኑ ውስጥ ማስገባትና መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበትን ወጪ በአገልግሎት ዘመን ልክ መሸፈን፣ ሆፍማንና በርክስ ያጠኑትን ዓይነት ፍትሐዊ ግዴታ እዚህም ተግባራዊ የሚያደርግ መንገድ ይሆናል።