የማቆያ ጨው

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለልጆች ብሎ የሚይዘውን የታሸገ ሞርታዴላ ገልብጣችሁ አንብቡት። ሥጋው፣ ጨውና ቅመሙ ከተዘረዘሩ በኋላ በደቃቅ ፊደል አንድ ስም ይገኛል፦ ሶዲየም ናይትራይት። አንዳንዱ ማሸጊያ ስሙን ትቶ ኢ250 የሚለውን መለያ ብቻ ያትማል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለልጆቿ ቁርስ የምታቀርብ እናት ከዚህ ምን ትረዳለች? እኔ በአማርኛ «የማቆያ ጨው» እንበለው እላለሁ።

ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ሥጋ ሳይበላሽ እንዲቆይ ያደርጋልና። «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን በኮሮና ጊዜ ስንሰማ ስለከረምን ቃሉም ለጆሮ እንግዳ አይደለም። «ማድረቂያ ጨው» እንዳንለው አያደርቅም። «ማቅለሚያ» ብንለው ደግሞ ዋናውን ሥራውን እንደብቃለን።

ይህን ጨው ለመረዳት ከቋንጣ መነሳት ይሻላል። በጎጃም ደጋ የቅርጫው ሥጋ ከተከፋፈለ በኋላ ለቋንጣ የተመረጠው ቀይ ሥጋ በቀጭኑ ይዘለዘላል፤ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፤ ከምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰቀላል። የደጋው ነፋስና የምድጃው ጭስ እርጥበቱን ይመጥጡታል። ከቀናት በኋላ ይጠቁራል፤ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል። ውሃው አልቋል፤ አየሩም ከየጎኑ ያገኘዋል። የሚታሸውም ጨው ያው የምግብ ጨው ነው፤ ድሮ ከአፋር ምድር አሞሌ ሆኖ በነጋዴ እስከ ጎጃሙ ባሶ ገበያ ይደርስ የነበረው። ቋንጣ ሌላ ጨው አይፈልግም።

ቋሊማና ሞርታዴላ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሥጋው ተፈጭቶ፣ እርጥበቱን እንደያዘ፣ አየር በማያገኝበት ይጠቀጠቃል። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መርዙ ነርቭን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ ያቆማል። በሽታው ቦቱሊዝም የተባለውም በላቲን «ቋሊማ» ከሚለው ቃል ነው። የማቆያ ጨው ይህ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያግደዋል። በተጨማሪም ከሥጋው ቀይ ቀለም ጋር ስለሚጣበቅ ሥጋው በስሎም ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ የቤታችን ሥጋ ግን ሲበስል ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ የሞርታዴላ ቅላት ትኩስነቱን አይመሰክርም።

ጥቅሙ ይህ ከሆነ፣ ጉዳቱም ተደብቆ መቅረት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል። ይህ ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው ዕድል በዚያ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ናይትራይት ከሥጋው ፕሮቲን ከሚወጡ ነገሮች ጋር ሲገናኝ፣ በተለይም በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ፣ ናይትሮሳሚን የተባሉ ጎጂ ውህዶች መፈጠራቸው ነው።

ናይትራይትን ከናይትሬት ጋር ማምታታትም አለ። ሁለተኛው አንድ ኦክስጅን ይበልጣል፤ በጎመን ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። በዐቢይ ጾም ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው ግን አይስጋ፤ ጎመኑ ናይትሮሳሚን እንዳይፈጠር የሚያግዘውን ቫይታሚን ሲ አብሮ ይዟል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ንጹሕ ናይትራይት ከገበታ ጨው በዓይን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1944 ኒው ዮርክ ውስጥ በስሕተት ገንፎ ውስጥ ገብቶ 11 ሰዎች ሰማያዊ እስኪመስሉ ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። ናይትራይት ሲበዛ ደም ኦክስጅን መሸከም ስለሚያቅተው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ሊወስደው የሚፈቀደው ናይትራይት 4 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ ቁንጥር ጨው እጅግ ያነሰ። በብዙ አገር ለሥጋ ሥራ የሚሸጠው ከተራ ጨው ጋር ተደባልቆ፣ አንዳንዴም ሮዝ ተቀብቶ የሆነው ለዚህ ነው።

ሥጋ አቀነባባሪዎች ሆይ፣ በማሸጊያው ላይ «ሶዲየም ናይትራይት (የማቆያ ጨው)» ብላችሁ በአማርኛ አትሙልን። ቤት ውስጥ ቋንጣ የምትዘለዝሉም ይህን ጨው እንዳታስጠጉት።