በፔኪንግ ከተማ የሕዝብ ጤና ትምህርትና የሠራተኞች ሥልጠና፤ ከ1925 እስከ 1937

በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ የሕዝብ ጤና ትምህርትና የጤና ሠራተኞች ሥልጠና እንዴት ይመራ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ኮሌጁ፥ ሐኪም ቤቱና ማዘጋጃ ቤቱ ይተባበሩ የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም። ዳሩ ግን ማን ከማን ጋራ፥ በየትኛው ሠፈር፥ በማን ሥልጣን ይተባበር የሚለው ነገር ተለይቶ ካልተነገረ ከመልካም ምኞት አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ይህን ጥያቄ በተግባር የሞከረችውን የፔኪንግን ከተማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያለው የዘመን ቁጥር፥ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ በፔኪንግ ከጥንት ጀምሮ ራሱን የቻለ የጤና መሥሪያ ቤት ያልነበረ መሆኑ ነው። ከሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ መንገድ ማስጠረግ፥ ቤተ ሰብ መመዝገብ፥ ወረርሽኝ ሲነሣ ቤት መዝጋት፥ ይህ ሁሉ የከተማው ፖሊስ ሥራ ነበር። በ1910 እና በ1911 በማንቹሪያ የተነሣው የሳምባ ወረርሽኝ 60,000 ያህል ሰው በጨረሰ ጊዜ፥ በሽታውን ለማቆም በዶክተር ው ሊየን ቴህ መሪነት የተሠራው ሥራ ለቻይና መንግሥት ትልቅ ትምህርት ሆኖ ነበር፤ ሆኖም ትምህርቱ በዋና ከተማው ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ ለመሆን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ሁለተኛው የፔኪንግ ዩኒየን ሕክምና ኮሌጅ ነው። ይህን ኮሌጅ የሮክፌለር ድርጅት በ1915 ከሚሲዮናውያን ተረክቦ፥ በአንድ የቀድሞ ልዑል ግቢ ላይ አዳዲስ ሕንፃዎችን አሠርቶ በ1921 አስመረቀው። የትምህርቱ አርአያ በአሜሪካ ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር። የኮሌጁ መሪዎች አሳብ፥ ጥቂት ሆነው ግን ከማንም የማያንሱ ሐኪሞችን ማውጣት ነበር። ጥቂትነቱንስ በርግጥ ፈጸሙት፤ ከ1924 ጀምሮ ጦርነቱ እስኪዘጋው ድረስ ኮሌጁ ያስመረቃቸው ሐኪሞች 300 ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር ከተመራቂዎቹ ችሎታ ጋራ አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ኋላ የምንደርስበት ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ወደዚህ ኮሌጅ በ1921 የመጣው ዶክተር ጆን ግራንት የካናዳ ሚሲዮናውያን ልጅ ሆኖ በ1890 በቻይና በኒንግቦ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። የሕዝብ ጤና መምህር ሆኖ ሲሾም ለባልንጀሮቹ ያቀረበው ክርክር በጣም ቀላል ነበር። የውስጥ ደዌ ተማሪ በአልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ሳያይ ሐኪም አይሆንም፤ የኬሚስትሪ ተማሪም ያለ ቤተ ሙከራ አይማርም። እንዲሁ የሕዝብ ጤና ተማሪ በቁጥር የታወቀ፥ ወሰኑ የታወቀ፥ የሚወልድና የሚሞት ሕዝብ በፊቱ ካልቀረበለት የሚማረው ቃል ብቻ ነው አለ። ዛሬ ይህን ስንሰማ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስለናል። በዚያን ጊዜ ግን የሕዝብ ጤና ከጽዳት ቁጥጥር የማያልፍ፥ ለኮሌጅ ክብር የማይመጥን ሥራ አድርገው የሚያዩት ሊቃውንት ጥቂት አልነበሩም።

ሕዝብ ደግሞ እንደ ቤተ ሙከራ ዕቃ ተገዝቶ አይመጣም። ስለዚህ ግራንት የሄደው ወደ ፖሊስ ነው። በ1925 ከከተማው ፖሊስ ጋራ በተደረገው ስምምነት መሠረት፥ በኮሌጁ አቅራቢያ ባለው የፖሊስ ወረዳ ውስጥ የጤና ጣቢያ ተቋቋመ። በመጀመሪያ የተሰጠው ሠፈር ከ50,000 በላይ ነዋሪ ያለው ሲሆን፥ በኋላ ወሰኑ ሰፍቶ ወደ 100,000 ደረሰ። ኮሌጁ መምህራንንና ገንዘብን ሲሰጥ፥ ፖሊስ ስሙንና ሥልጣኑን ሰጠ። የጣቢያው ኃላፊዎችም ቻይናውያን ሐኪሞች እንዲሆኑ ተደረገ። እኔ እንደሚመስለኝ የጣቢያው ዕድሜ ከብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሥራ የረዘመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቻይና የመንግሥት ለውጥ በየዓመቱ በሚሆንበት በዚያ ዘመን፥ ጣቢያው የአገሩ መሥሪያ ቤት እንጂ የእንግዳ ድንኳን ሆኖ አልታየም።

በጣቢያው ውስጥ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ክትባት፥ የትምህርት ቤቶች ጤና፥ የፋብሪካ ሠራተኞች ጤና፥ የእናቶችና የሕፃናት ምርመራ፥ የጉድጓድ ውሃ ቁጥጥር፥ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶች። ዋናው ነገር ግን ሥራውና ትምህርቱ ያልተለያዩ መሆናቸው ነው። የኮሌጁ የሕክምና ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ለአራት ሳምንት ያህል ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ በጣቢያው ይመደባል፤ ለሕዝብ ጤና የሚሠለጥኑ ነርሶችም በዚያው ይማራሉ። ተማሪው በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ያየውን የሳምባ ነቀርሳ በሽተኛ፥ በሠፈሩ ውስጥ ስድስትና ሰባት ሰው በሚተኛበት አንድ ክፍል ውስጥ መልሶ ያገኘዋል። ሐኪምና ነርስ በአንድ ሠፈር፥ በአንድ መዝገብ ላይ እየሠሩ ይማራሉ ማለት ነው።

ስለ መዝገቡ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ስንት ሰው በምን ምክንያት እንደሞተ ሳይታወቅ ምን ማስተማር እንደሚገባ አይታወቅም። በፔኪንግ ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ የሚጠራው ሐኪም ሳይሆን የዪንያንግ መምህር የሚባለውን ሰው ነበር። ይህ ሰው፥ በእኛ አገር ዐውደ ነገሥት ከሚገልጡት ጋራ የሚቀራረብ ነው፤ የሞተበትን ሰዓት አስልቶ፥ አስከሬኑ የሚወጣበትንና የሚቀበርበትን ቀን ይወስናል፤ ለዚህም የጽሑፍ ወረቀት ይሰጣል። ያለዚያ ወረቀት አስከሬኑ ከከተማው በር እንዲወጣ ፖሊስ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ የዪንያንግ መምህሩ ሳይታወቅበት የከተማው የሞት መዝጋቢ ሆኖ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ጣቢያው ሲቋቋም የራሱን መርማሪዎች ወደ ሐዘን ቤት እየላከ የሞቱን ምክንያት ማስጠየቅ ጀመረ። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ፥ ሟቹ ስንት ቀን አተኮሰው፥ ደም ተፋ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ዪንያንግ የሚቆጥረው የሙታንን ሰዓት ነበር፤ መርማሪው የሚጠይቀው የሕያዋንን በሽታ ነው። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆይተው በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ዪንያንጎቹ ከዚህ ሥራ ተከለከሉ።

ከመዝገቡ ከታዩት ነገሮች አንዱ የአራስ ሕፃናት ሞት ነበር። ብዙዎቹ የሚሞቱት በመንጋጋ ቆልፍ ሲሆን፥ ምክንያቱም እትብቱ ባልተቀቀለ መሣሪያ መቆረጡ ነው። እዚህ ላይ ስሟ ሊጠራ የሚገባት ዶክተር ያንግ ቾንግሩይ ናት። በ1891 የተወለደች ሴት ሐኪም ስትሆን፥ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ትምህርት ተምራ ከተመለሰች በኋላ፥ በ1928 በዕድሜ የገፉ የልምድ አዋላጆችን ሰብስባ ለሁለት ወር ያህል ማስተማር ጀመረች። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ትምህርቱ በማሳየትና በማስደጋገም ነበር፤ እጅ መታጠብ፥ መቀስ መቀቀል፥ እትብት መቁረጥና ማሰር፥ ምጡ ከመንገዱ ሲወጣ ሐኪም መጥራት። በ1929 ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የአዋላጆች ትምህርት ቤት በከተማው ተከፈተ፤ በዚያም ወጣት ሴቶች ለሁለት ዓመት የሚማሩበት ክፍል ነበር። የሠለጠኑት አሮጊቶች በተቆጣጣሪ ሥር ሆነው ይሠራሉ፤ ትእዛዙን ያፈረሰች ፈቃዷን ትቀማለች።

ይህ ሁሉ በሕፃናት ሕይወት ሲመዘን ክርክር የሌለበት ነው። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ሌላውንም ወገን ማየት ይገባዋል። የፔኪንግ አዋላጅ እትብት ቆርጣ የምትሄድ ብቻ አልነበረችም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ በዘመድ ፊት ሕፃኑን የምታጥበው፥ የምትመርቀውና ከቤተ ሰቡ ጋራ የምታስተዋውቀው እርሷ ናት። በእኛ አገር ገንፎውና እልልታው ከወሊዱ ተለይቶ እንደማይታይ ሁሉ፥ በዚያም የሦስተኛው ቀን እጥበት የልደቱ ፍጻሜ ነበር። ወጣቷ ተማሪ አዋላጅ ነጭ ልብስ ለብሳ፥ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ፥ ቤተ ሰቡ የሚያየው ዕድሜዋን፥ ያላገባች መሆኗንና የሠፈሩ ሰው አለመሆኗን ነው። ጣቢያው ያሸነፈው በእውቀት ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ፖሊስ ስለነበረም ነው። የከተማው የጤና ሥራ ከተነገረለት ይልቅ በዚህ በኩል ብዙ ሊመረመር ይገባዋል የሚል አሳብ አለኝ። አሮጊቶቹን ጠርቶ ማስተማሩ ከማባረር የተሻለ ነበር፤ ሆኖም የተማሩት ሥራቸውን ለዘለቄታው እንዲይዙ ሳይሆን፥ ወጣቶቹ እስኪደርሱ ድረስ ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ነው።

ከሌሎች የከተማው ሠራተኞች ጋራ ግን ይህን ያህልም መግባባት አልተቻለም። ሰገራ ከየቤቱ እየጠረጉ ለገበሬ በማዳበሪያነት የሚሸጡት ሰዎች፥ እያንዳንዱ የራሱ መንገድ እንደ ርስት ያለው፥ በማኅበር የተሳሰሩ ነበሩ። በ1930ዎቹ ዓመታት ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን ወደ ራሱ ሊያዞር ባሰበ ጊዜ በብርቱ ተቃወሙት።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በ1928 የአገሩ ዋና ከተማ ወደ ናንኪንግ ሲዛወር ፔኪንግ ስሟ ፔይፒንግ ተባለ፤ ጣቢያውም ከፖሊስ ወደ ከተማው የጤና አስተዳደር ተላለፈ። በተከተሉት ዓመታት በሌሎች ወረዳዎችም ጣቢያዎች ተከፈቱ። ነገር ግን ከተማይቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ግራንት በደንብ ያደራጀው ሠፈር ከዚህ አንድ ዐሥረኛውን አያክልም። በዓመት ሃያና ሠላሳ ሐኪም የሚያወጣ ኮሌጅ፥ ያውም አብዛኞቹ በሐኪም ቤትና በማስተማር ሥራ የሚቀሩበት፥ ለከተማው ሁሉ ሠራተኛ ሊያቀርብ አይችልም ነበር። ሠፈሩ ለተማሪው በቂ ነበር፤ ተማሪው ግን ለሠፈሮቹ በቂ አልነበረም።

ከዚህ አንጻር በአገራችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማስታወስ ይጠቅማል። ጎንደር ከፔኪንግ ጋራ የምትወዳደር ከተማ አይደለችም፤ ንጽጽሩ በአሠራሩ ላይ ነው። በፔኪንግ ኮሌጁ ቀድሞ ቆሞ ሕዝቡ ለኮሌጁ ተፈለገለት። በጎንደር ግን አስቀድሞ የታሰበው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ የሚሠራው ሰው ነበር፤ ስለዚህ የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተ ሰብ ነርሶችና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞች በአንድ ግቢ ተምረው፥ አብረው በጓድ እንዲመደቡ ተደረገ። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ አልተቻለምና።

ከግራንት ተማሪዎች መካከል ይህን ችግር በግልጥ የተረዳው ቼን ዢቺየን ነው። በ1929 ከኮሌጁ ተመርቆ፥ በ1932 ከፔኪንግ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ዲንግሺየን አውራጃ ሄደ። በዚያ 400,000 ያህል ሕዝብ ሲኖር፥ ጄምስ የን የተባለው ሰው ለገበሬዎች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምርበት ማኅበር ሥራውን ጀምሮ ነበር። ቼን ከከተማው ይዞ የሄደው ሕንፃውን ሳይሆን አሠራሩን ነው። በየመንደሩ ከዚያ የፊደል ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል አንድ ገበሬ ተመርጦ በጥቂት ቀን ሥልጠና ጥቂት መድኃኒቶች የያዘ ሣጥን ይሰጠዋል፤ ከእርሱ በላይ የንዑስ ወረዳ ጣቢያ፥ ከዚያም በላይ የአውራጃው ሐኪም ቤት አለ። ገበሬው የፈንጣጣ ክትባት ይከትባል፥ ቁስል ያጥባል፥ የውሃ ጉድጓድ እንዲጠበቅ ያደርጋል፤ ደግሞም የተወለደውንና የሞተውን ይመዘግባል። በከተማው ሠፈር ከባድ የነበረው የሐዘን ቤት ጥያቄ በመንደሩ ይህን ያህል አላስቸገረም፤ ጠያቂው ለቅሶውን አብሮ የተቀመጠ ጎረቤት ነበርና።

በ1937 የጃፓን ጦር ሰሜን ቻይናን ሲይዝ የዲንግሺየን ሥራ ቆመ። ኮሌጁም በ1941 መጨረሻ ከአሜሪካና ከጃፓን ጦርነት መጀመር በኋላ ተወሰደ። ግራንት በ1939 ወደ ካልካታ ተዛውሮ የመላው ሕንድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት መሪ ሆነ። ቼን ደግሞ ወደ ምዕራብ ወደ ሲቹዋን ተሻግሮ በ1939 የክፍለ ሀገሩን የጤና አስተዳደር ማቋቋም ጀመረ፤ በየአውራጃው ለሚከፈቱት ጣቢያዎችም ሠራተኛ መፈለግ የመጀመሪያ ሥራው ሆነ።